በመቀሌ ሬዲዮ ላይ ማን ይናገራል?

በመቀሌ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ሬዲዮ የሚሰማው ሥራ ላይ ተሁኖ ነው። ልብስ ሰፊው መኪናውን እየረገጠ፣ ቅመም ሻጯ በርበሬ እየሰፈረች፣ የባጃጅ ሾፌሩ ተራ እየጠበቀ ያዳምጣል። ዘፈኑንም ማስታወቂያውንም በአንድ ጆሮ ሰምቶ በሌላው የሚያፈስሰው ሰው፣ ወሬው ስለ ውሃ፣ ስላልተከፈለ ደመወዝ፣ ስለ ባንክ ዕዳ ወይም ስለ ተፈናቃዮች መመለስ ሲሆን ድምፁን ከፍ ያደርገዋል።

ስለ ኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ዜናው ነው። የትኛው ጣቢያ ምን አለ፣ መቼ ተዘጋ፣ ማን ከፈተው ይባላል። ውይይቱ ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በዜና አድማጩ ይነገረዋል። በውይይት ግን ራሱ ይናገራል፣ ካልሆነም እንደ እሱ ያለ ሰው ሲናገር ይሰማል። ደፋር አዘጋጅና ተናጋሪ አድማጭ ሞልተውናል። የጎደለን ሥልጣን በተለወጠ ቁጥር ከቢሮ ቁልፍ ጋር አብሮ የማይወሰድ ጣቢያ ነው። መቀሌ ይህን በራሷ ላይ ደርሶ አይታዋለች።

የአገራችን ሬዲዮ ሲጀመርም የአንድ ወገን ንግግር ነበር። በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመንግሥት ድምፅ ሆኖ ተወለደ፤ ሕዝቡ ሊያዳምጥ እንጂ ሊመልስ አልተጠራም። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ለጆሮ የተለየ ጣዕም አምጥቶ ነበር፤ በ1969 ደርግ ወረሰው። ከዚያ በኋላ ሌላ ድምፅ የፈለገ ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ከውጭ የሚመጣውን ይፈልግ ነበር። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል ከመጋቢት 1957 ጀምሮ ነበረ፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛም በ1970ዎቹ አጋማሽ ተጨመረ። ከበረሃም ሌላ ድምፅ መጣ።

ድምፂ ወያነ ትግራይ በ1977 ዓ.ም. በትጥቅ ትግሉ መካከል ተመሠረተ። ስሙን ያገኘው ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ከሚዘክረው ከዚያው ከ1935ቱ የትግራይ ገበሬዎች አመፅ ነው። ያ አመፅ የተሰበረው በ1936 መጀመሪያ ላይ ከኤደን የተነሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ከደበደቡ በኋላ ነበር። ሬዲዮው የታጋይ ሬዲዮ ነበር። የሚቀሰቅስ፣ የሚያበረታታ፣ ጠላትን የሚያወግዝ ነበር፤ በጦርነት ጊዜ ከዚህ ሌላ ይሆናል ብሎ መጠበቅም የዋህነት ነው። ችግሩ የመጣው ከ1983 በኋላ ነው። ጦርነቱ አበቃ፣ ጣቢያው ከተማ ገባ፣ የታጋይ ጠባዩ ግን አብሮት ገባ። በ1999 የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 የፖለቲካ ድርጅት ፈቃድ እንዳያገኝ በግልጽ ቢከለክልም፣ ድምፂ ወያነን ከሕወሓት፣ በ1987 የተቋቋመውን ሬዲዮ ፋናን ደግሞ ከኢሕአዴግ ለይቶ የሚያይ አድማጭ አልነበረም። የወረቀቱ ባለቤት ሌላ ሆነ እንጂ ማን ስቱዲዮ እንደሚጋበዝ የሚወስነው ያው ነበር።

ያም ሆኖ በእነዚህ ጣቢያዎች ላይ እውነተኛ ወሬ ጨርሶ አልነበረም ማለት ግፍ ይሆናል። ከመቀሌ ኤፍ ኤሞች ሰዎች ሲያስታውሱ የሚያነሱት የከተማ አስተዳደር ሰው ስቱዲዮ ተቀምጦ የስልክ መስመር የሚከፈትበትን ሰዓት ነው። ስልኩ ይነሳል። አዘጋጁ መጀመሪያ ደዋዩን «እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን» ይለዋል፤ የደዋዩ የራሱ ድምፅ ከኋላው ተመልሶ እየጮኸ ነው። ደዋዩ ይቀንሳል፤ ሰፈሩን ይናገራል፤ ከዚያ ቧንቧው ስንት ሳምንት እንደደረቀ፣ የቦቴ ውሃ ስንት እንደሚጠይቅ፣ አንድ ጀሪካን ለስንት ሰው እንደሚበቃ ይዘረዝራል። ኃላፊው የገረብ ግባ የውሃ ፕሮጀክት ሲጠናቀቅ ችግሩ እንደሚቀረፍ ይመልሳል። ደዋዩ ግን ስልኩን አይዘጋም፤ «ይህንን ባለፈውም ብለውን ነበር» ይላል። እዚያ ላይ ነው የውይይት ሬዲዮ ዋጋው የሚታየው። በስብሰባ አዳራሽ ያንን ቃል ለመናገር እጅ ማውጣት፣ በሊቀመንበሩ መታየት፣ ከዚያም በስም መታወቅ ያስፈልጋል። በስልክ ግን የሚታወቀው ድምፅና ሰፈር ብቻ ነው።

ይህ ነፃነት ድንበር ነበረው፤ ድንበሩንም ሁሉም ያውቀው ነበር። ውሃ ይጠየቃል፣ ፓርቲ አይጠየቅም። የቀበሌ ሊቀመንበር ይወቀሳል፣ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል አይወቀስም። አዲስ አበባም ከዚህ ብዙ አልራቀችም።

የአዲስ አበባው መንገድ በ1992 ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲከፈት ተጀመረ። ጣቢያው የመንግሥት ቢሆንም ለ«ተባባሪ አዘጋጆች» ሰዓት ስለሰጠ የሬዲዮን አነጋገር ለወጠ። አንባቢ ሳይሆን ተጫዋች ድምፅ መጣ፤ ሰው በቤቱ እንደሚያወራ የሚያወራ አዘጋጅ ተሰማ። የመጀመሪያዎቹ የግል ጣቢያዎች ፈቃድ ካገኙ በኋላ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ አየር ላይ ዋለ፣ ዛሚ 90.7 ተከተለ። ዛሚ ጋዜጠኞችን ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ሳምንቱን ያነጋግር ነበር። ለመንግሥት ያደላል ተብሎ በብርቱ ቢወቀስም፣ ወቅታዊ ጉዳይ በቋሚ ሰዓት በውይይት ሊቀርብ እንደሚችል አሳይቷል። ጣቢያው በኋላ አዋሽ ኤፍ ኤም ሆነ።

የሸገሯ መዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ፕሮግራም ግን ለብቻው ሊወሳ ይገባዋል። ጥያቄዋ አይቸኩልም። እንግዳው ከልጅነቱ ይጀምራል፣ ትምህርት ቤቱን፣ እስር ቤቱን፣ ስደቱን ይተርካል፤ ጨዋታው በአንድ ቅዳሜ ካላለቀ ለሚቀጥለው ያድራል። በዚህ መንገድ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የነበሩ አርቲስቶች፣ ወታደሮች፣ ሚኒስትሮችና ታጋዮች ታሪካቸውን በራሳቸው አንደበት አኑረዋል። ለእኔ በአማርኛ ሬዲዮ ከተሠራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። እንግዳው በነፃነት የሚናገረው በአብዛኛው ሥልጣኑን ከለቀቀ፣ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ነው። የሬዲዮ ውይይታችን ትናንትን ጠንቅቆ ይጠይቃል፤ ዛሬን ሲጠይቅ ድምፁ ይቀንሳል። ዛሬ በሥልጣን ላይ ያለው ባለሥልጣን የሚናገረውን የምንሰማው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጡረታ ወጥቶ ሲጋበዝ ይሆናል ማለት ነው።

የገንዘቡ ጉዳይም ከፖለቲካው አይተናነስም። ተባባሪ አዘጋጅ የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛል፣ ስፖንሰር ፈልጎ ይከፍላል። ስፖንሰሩ ባንክ ከሆነ ስለ ባንኮች ያለው ወሬ ይለሰልሳል፤ የመኖሪያ ቤት አልሚ ከሆነ ገንዘብ ከፍለው ቤት ያላገኙ ሰዎች ስልክ አይነሳላቸውም። የቢዝነስ ፕሮግራም የሚባለው አብዛኛው እንዲህ እየሆነ ወደ ማስታወቂያ ተጠግቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አድማጭ ማወቅ የፈለገው የዘይቱ ዋጋ ነገ ስንት እንደሚሆን ነበር። በሬዲዮ የሰማው ግን አብዛኛው የማክሮ ኢኮኖሚ ማብራሪያ ነበር። ከሁሉ ነፃ ሆኖ የቀጠለው የስፖርት ወሬ ነው። ስለ አርሰናል አሠልጣኝ ማንም የፈለገውን ይላል፤ ይከራከራል፣ ይሳደባል፣ ይሸነፋል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይደውላል። መከራከር የማይችል ሕዝብ አይደለንም ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ውይይት በራሱ ቅዱስ ነገር አለመሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። በ1986 በሩዋንዳ ሰው ያስጨረሰው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ተወዳጅነቱን ያገኘው በደረቅ ዜና አልነበረም፤ ቀልድ፣ ዘፈን፣ ጨዋታና የአድማጭ ስልክ ነበሩ መሣሪያዎቹ። ይህን ምሳሌ መንግሥታት ሲፈልጉ ያነሱታል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በመጋቢት 2002 የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን መዘጋጀታቸውን ሲናገሩ ጣቢያውን ከዚያ የሩዋንዳ ሬዲዮ ጋር አነጻጽረውት ነበር። በኡጋንዳም እንዲሁ ሆኗል። ካምፓላ ላይ «ኢቢሜዛ» የሚባሉ፣ ሰው በአደባባይ ተሰብስቦ ተራ እየያዘ በቀጥታ ሥርጭት የሚናገርባቸው የሬዲዮ መድረኮች ነበሩ፤ ተማሪውም ነጋዴውም ሥራ አጡም ከሚኒስትር እኩል ማይክሮፎን ይይዝባቸው ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በተነሳው የቡጋንዳ ግርግር ሰበብ መንግሥት ከለከላቸው። የጥላቻ ንግግር እውነተኛ አደጋ ነው። ይሁንና በስሙ የሚዘጋው ጣቢያ ብዙ ጊዜ ጥላቻ የዘራው ሳይሆን ጥያቄ ያበዛው ነው።

ይህን ሁሉ በጦርነቱ ዓመታት በገዛ አገራችን አየነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቀሌ ኅዳር 19 በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ስትገባ ጣቢያዎቿም እጅ ለወጡ። ጥር 11 ቀን 2013፣ በጥምቀት ዕለት፣ የትግራይ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ዳዊት ከበደ አርአያ መቀሌ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ሰኔ 21 ቀን 2013 ከተማዋ ተመልሳ በትግራይ ኃይሎች እጅ ስትገባ ጣቢያዎቹም እንደገና ባለቤት ቀየሩ። ከዚያ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ባንክ፣ መብራት፣ ስልክ፣ ነዳጅ ተዘጋ። መስከረም 3 ቀን 2015 የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የዓዲ ሓቂ ግቢና የድምፂ ወያነ ጣቢያ በድሮን መመታታቸውን የትግራይ ባለሥልጣናት አስታወቁ።

በዚያ ጊዜ የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ስለ ትግራይ አብዝተው ተወያዩ። ተንታኝ መጣ፣ ጡረተኛ ጄኔራል መጣ፣ የፖለቲካ ምሁር መጣ። ከመቀሌ አንድ ሰው ደውሎ «እኛ እንዲህ ነን» ማለት ግን አልቻለም፣ ስልክ አልነበረም። በመቀሌ በኩልም የአማራና የአፋር መንደሮች ስለደረሰባቸው ነገር ከተጎጂዎቹ አፍ የሚሰማበት መስመር አልነበረም። ሁለቱም ወገን ስለ ሌላው ያወራ ነበር፣ ከሌላው ጋር ግን አላወራም። «ጁንታ» የሚለው ቃል በአየር ላይ እንደ ተራ ስም ሲነገር ከርሞ የመንገድ ስድብ ሆነ፤ በትግራይ በኩል ያሉ ሥርጭቶችም ለጎረቤት ሕዝብ መርጠው ያወጡት ስም አያኮራም። ስልኩ ክፍት ቢሆን ጦርነቱ ይቆም ነበር ለማለት አልደፍርም። ሆኖም ከማን ጋር እንደምንዋጋ ድምፁን ብንሰማ ኖሮ ብዙ የተባሉ ነገሮች እንዲህ በቀላሉ ባልተባሉ ነበር።

መቀሌ በዚያ ጨለማ ውስጥ ወደ አያቶቿ ዘዴ ተመለሰች። ድንጋይ የሚጎርሰው አሮጌ ሬዲዮ ከሣጥን ወጣ። ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅ ትግርኛ፣ ቢቢሲ፣ ዶይቼ ቬለ በአጭር ሞገድ ይፈለጉ ነበር። ባትሪ ድንጋይ ከገበያ ሲጠፋ ፀሐይ ላይ አስጥተው ነፍስ ሊዘሩበት የሞከሩ ነበሩ። ስለ ከተማዋ የሚወራው ሁሉ ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከቦን ተመልሶ ወደ ከተማዋ ይመጣ ነበር። ስልክ ወደ መቀሌ የተመለሰው በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በታኅሣሥ ነው።

ሰላሙ ሲመጣ ወሬውም ይመለሳል ብሎ ተስፋ ማድረግ ተገቢ ነበር፤ በከፊልም ተመለሰ። ለወራት ደመወዝ ያላገኘው መምህር ጠየቀ። ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ፣ ባንኩ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ለተቆለለው ወለድ ለምን እከፍላለሁ ብሎ ጠየቀ። በየትምህርት ቤቱ የተጠለለው ተፈናቃይ መቼ እንደሚመለስ ጠየቀ። ከዚያ በሕወሓት ውስጥ የነበረው መከፋፈል አየሩን ያዘው። በመጋቢት 2017 መጀመሪያ ላይ፣ በዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል የሚመራው ወገን በአቶ ጌታቸው ረዳ ይመራ ከነበረው ጊዜያዊ አስተዳደር ጋር በተፋጠጠበት ሳምንት፣ የመቀሌ ከንቲባ ጽሕፈት ቤትና የከተማዋ ጣቢያ ኤፍ ኤም መቀሌ 104.4 በአንድ ላይ ተያዙ። የከንቲባ ቢሮና የሬዲዮ ስቱዲዮ በአንድ ቀን የሚያዙባት ከተማ ውስጥ ሬዲዮ ምን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያሻም። በዚያው ሳምንት የአሜሪካ ድምፅ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ሠራተኞቹን ከሥራ አግልሎ ሥርጭቱ ተቋረጠ። የመቀሌ አድማጭ በጥቂት ቀናት ልዩነት የከተማውን ጣቢያና የማዶውን ድምፅ አጣ። በጥቅምት 2018 ደግሞ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የዶይቼ ቬለን የአገር ውስጥ ዘጋቢዎች ለጊዜው ከሥራ አገደ።

ክፍተቱን የሞላው ዩቲዩብና ፌስቡክ ላይቭ ነው። ትግራይ ሚዲያ ሃውስን የመሳሰሉ በውጭ የሚኖሩ ተጋሩ ያቋቋሟቸው መገናኛዎች በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ሠርተዋል። ነገር ግን ውጭ ሆኖ የሚያወያይ ሰው ከቀዳማይ ወያነ ቅመም ሻጭ ጋር አንድ ገበያ አይውልም፤ የሚናገረው ነገር የሚያስከትለውም እሱ ላይ አይወድቅም። ስለዚህ ንግግሩ በቀላሉ ይከርራል። ከዚህም በላይ ዳታ ገንዘብ ነው። ኤፍ ኤም ግን በነፃ ይደርሳል፤ ሞባይሏ ተራ የሆነች ሴትም፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌም ያገኙታል።

በሬዲዮ የባህል ሰዓቶች ላይ ያለው ነገር ከዚህ ሁሉ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሹማምንት አይጠረጥሯቸውም። ነሐሴ ላይ አሸንዳ ሲደርስ ሴቶች ስለ ዘፈኑና ስለ ሹሩባው ሊያወሩ ይጠራሉ፤ ወሬው ግን ሳይታሰብ ስለማይመለሱ ጓደኞች፣ በጦርነቱ ሴቶች ላይ ስለተፈጸመው በደል፣ ልጆቿን ብቻዋን ስለምታሳድገው እናት ይሆናል። አዘጋጁ ጎበዝ ከሆነ አያቋርጥም። በአዲስ አበባም «የጨዋታ እንግዳ»ን ያቆየው ይኸው በባህልና በትዝታ መንገድ መግባቱ ነው። ይህ ብልሃት የሚመሰገን ቢሆንም በቂ አይደለም። የሞተ ልጇን ያነሳች እናት ገዳዩ ለምን እንዳልተጠየቀም በግልጽ የምትጠይቅበት ሰዓት ያስፈልጋታል።

ሕጉ መንገድ የለውም ማለት አይቻልም። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ያውቃል፤ የሕዝብ መገናኛ ብዙኃንም ከማንም ወገን ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆኑ ይጠይቃል። በሚያዝያ 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን ሲያሻሽል የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣኑን ዋና ዳይሬክተር ሹመት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማዛወሩ ግን ወደ ኋላ የተደረገ እርምጃ ነው። ተቆጣጣሪውን የሚሾመው ሰው የሚፈራው ጥያቄ በአየር ላይ ሲነሳ ተቆጣጣሪው ለማን እንደሚያደላ ግልጽ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለሚመለከታቸው ሁሉ ነው። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር የክልሉንና የከተማዋን ጣቢያዎች ከማንም የፓርቲ ክንፍ እጅ አውጥቶ ነዋሪው፣ ነጋዴው፣ ዩኒቨርሲቲውና ተፈናቃዩ ለሚወከሉበት ቦርድ ያስረክብ። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣኑ ለመቀሌ ክፍለ ከተሞች የማኅበረሰብ ሬዲዮ ፈቃድ ይስጥ፤ ቀዳማይ ወያነ ከገበያዋ ስፋት አንጻር የመጀመሪያዋ ልትሆን ይገባታል። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር የአማርኛ ጣቢያዎች ስለ ትግራይ ሲያወያዩ መቀሌ ይደውሉ፤ ስልኩ አሁን ይሠራል፣ አማርኛ የሚመልስላቸው ሰውም አያጡም። የመቀሌ አዘጋጆችም ወደ ወልድያ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ሰመራ ይደውሉ። እናንተ አድማጮች ደግሞ፣ ባለሥልጣን ስቱዲዮ ሲቀመጥና መስመሩ ሲከፈት፣ ሬዲዮውን ቀንሱና ደውሉ።